ተቀባይ ያጣ ድምፅ

አንድ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል እንበል። ቦታው ጂንካ ነው። ጊዜው ከምሳ በኋላ፣ የቆርቆሮ ጣራው ሙቀቱን ቁልቁል የሚለቅበት ሰዓት። የቡድን ሥራው ካለቀ ቆይቷል፤ «ማን ያቅርብ?» ሲባል ግን አምስቱም አንገታቸውን ደፉ፤ በመጨረሻ ዕጣው እሱ ላይ ወደቀ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ጨብጧል። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፤ ኮሽታውን ራሱ ሲሰማው እጁ ይብስበታል። ማታ ብቻውን ሲያነበንበው እንደ ነሪ ወንዝ ይወርድ የነበረው ነገር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። አርባ ሰው ያየዋል። ከአርባው አንዱም ትንፍሽ አይልም።

ይህ ልጅ መናገር የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ትናንት ማታ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ስለ ፈተና ቀን ክርክር ሲነሳ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኮ ጓደኞቹን ሁሉ ያሳመነው እሱ ነው። ቅዳሜ ገበያ ቢወርድ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ በአሪኛም በአማርኛም ዋጋ ሲከራከር የሚረታው የለም። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞት የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ላይ አንደበተ ርቱዕ፣ ገበያ ላይ ነገር አዋቂ፣ ሰሌዳ ፊት ድዳ። ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው። የተለወጠው ከፊቱ ያለው ሰው ነው፤ ይህ ምዕራፍም ስለዚያ ከፊት ስላለው ሰው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ከሰውነቱ እንጀምር። በአማርኛ ስለዚህ ፍርሃት ስናወራ ሁሌም የአካል ክፍል እንጠራለን፦ አፌ ደረቀ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ልቤ ልትወጣ ደረሰች፣ ላብ አጠመቀኝ። ቋንቋው በትክክል ታዝቧል። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ሲወስን አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እጅና እግር ጡንቻ ይዞራል፤ ምግብ የመፍጨት ሥራ ለጊዜው ስለሚቆም ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍም ይደርቃል። ከደቂቃዎች በኋላ ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ይከተላል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ነው። ተማሪው ግን መሮጥም መታገልም አይችልም፤ በአንድ ቦታ ተተክሎ መቆም አለበት። ለሩጫ የተሰናዳ ጡንቻ ሩጫውን ሲነፈግ ይንቀጠቀጣል። የወረቀቱ ኮሽታ የመጣው ከዚህ ነው።

ሰው ከሞት ይልቅ መድረክ ይፈራል የሚባለውን ወሬ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ሰዎች ከሚፈሯቸው ነገሮች መካከል በሰው ፊት መናገርን የጠቀሱት ሞትን ከጠቀሱት በቁጥር በለጡ። መጥቀስ ግን አብልጦ መፍራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ድዋየርና ዴቪድሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ሲጠይቁ መድረክ አሁንም ብዙ ጊዜ ተጠቀሰ፤ ከፍርሃቶቻችሁ ዋናውን ምረጡ ሲባሉ ግን ሞት ቀደመ። ስለዚህ ተማሪዎቻችሁን በዚህ ወሬ አታስፈራሩ። የመድረክ ፍርሃት የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑም ብቻውን መጽናኛ ነው።

ይህን ፍርሃት በላቦራቶሪ ውስጥ ሆን ብሎ መፍጠር የቻለው የጀርመኑ የትሪየር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኪርሽባውም፣ ፒርክና ሄልሃመር ያወጡት ዘዴ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰውን በቤተ ሙከራ ለማስጨነቅ ከሚያገለግሉት ሁሉ የታወቀው ነው። ተሳታፊው ሥራ እንደሚፈልግ ሰው ራሱን እንዲያስተዋውቅ ይነገረዋል። ጥቂት ይዘጋጃል። ከዚያ ፈታኞች ፊት ቆሞ 5 ደቂቃ ይናገራል። ቀጥሎ ከ1,022 ተነስቶ 13 እየቀነሰ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ከተሳሳተ ከ1,022 እንደገና ይጀምራል። ድምፁና ምስሉ ይቀረጻል። በዚህ መንገድ የአብዛኛው ተሳታፊ ኮርቲሶል ከመነሻው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ያህል ወጣ።

የዘዴው ምሥጢር ያለው ፈታኞቹ ፊት ላይ ነው። ፊታቸውን እንዳይፈቱ ታዘዋል። አይስቁም፣ አይቆጡም፣ ራሳቸውን አይነቀንቁም፤ ዝም ብለው ያያሉ። ዲከርሰንና ከሜኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ጭንቀት የተሠሩ 208 ጥናቶችን ሲመረምሩ ኮርቲሶልን እጅግ ከፍ የሚያደርገው ሁለት ነገር ሲገናኝ መሆኑን አገኙ፦ ሰው ሊፈርድብህ ይችላል፤ አንተ ደግሞ ምንም ልታደርግ አትችልም። የሚያይህ ግን የማይመልስልህ ዓይን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርመኑ የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ዊመርስና ባልደረቦቿ ነገሩን ገልብጠው ሞከሩት። ተሳታፊው አሁንም ሰዎች ፊት ቆሞ ስለ ራሱ ይናገራል። አድማጮቹ ግን ፈገግ ይላሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ ጣልቃ ገብተው ያናግሩታል። ኮርቲሶሉ አልወጣም።

ይህ ውጤት ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ከተናጋሪው ውስጥ እንፈልገዋለንና። ዓይን አፋር ነው እንላለን፤ ልበ ሙሉ አይደለም እንላለን፤ እንዲበረታ እንመክረዋለን። አድማጩን የሚመክር የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲዋ ጃኔት ባቬላስና ሁለት ባልደረቦቿ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አንዱ ለጥቂት ከአደጋ ያመለጠበትን ታሪክ ለሌላው እንዲነግረው አደረጉ። አንዳንዱ አድማጭ ግን በስውር ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ታሪኩን ትቶ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ይቆጥራል። ያን ጊዜ ተራኪው ተበላሸ። በተለይ መጨረሻው፣ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ፣ ድንገት ተቆረጠበት ወይም ዞሮ ዞሮ እዚያው ሆነ። ከፊቱ ያለው ሰው «እህ» ማለቱን ሲያቆም ጥሩ ተራኪ መጥፎ ተራኪ ይሆናል ማለት ነው።

አማርኛ ለዚህ ሰው ስም አለው፤ ተቀባይ ይለዋል። ዘፈን አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው። ነሐሴ ውስጥ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችን አስታውሱ። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ልጅ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ግጥሙን ያወርዳል፤ የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ፣ በማያውቁት ሰው ዓይን ፊት። የሚያስችለው ከኋላው «ሆ!» የሚሉት ጓደኞቹ ናቸው። ቃል ቢጠፋው እንኳ እስኪያስታውስ በ«ሆ!» ይሸፍኑለታል። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለነገራ፣ ማለትም ያዘጋጀውን ለማሰማት፣ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይታረማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቀርባል። የሰመረለት ዕለት ግን ጉባኤው «ይበል!» ይለዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ስንቱን ዓይን አፋር ደፋር እንዳደረገች የቤቱ ልጆች ይመስክሩ።

አሁን ይህን ተቀባይ ፍለጋ ከጂንካ ወደ ቆላው እንውረድ።

በደቡብ ኦሞ አካባቢ 16 ያህል ብሔረሰቦች ይኖራሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን እነሱን የሚያውቋቸው በፎቶግራፍ ነው፤ የከንፈር ሸክላ፣ የተቀባ ገላ፣ ከብት ላይ የሚዘል ጎልማሳ። ፎቶግራፍ ድምፅ የለውምና ከምስሉ ጀርባ ያለው ትልቅ ነገር አይታይበትም። የአገሩ ትልቅ ጥበብ ንግግር ነው። ይህን የተረዱ ተመራማሪዎችም ዕድሜያቸውን ሰጥተውታል። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ሐመር ገብተው ዳምባይቲ በተባለ መንደር ኖሩ። አስተናጋጃቸው ባልዳምቤ የሐመርን ሥርዓት ከእህሉ እስከ ጋብቻው፣ ከከብቱ እስከ ሙታኑ በቃሉ ዘርዝሮ ነገራቸው፤ እነሱም በቴፕ ቀዱት። ስለ ሐመር እ.ኤ.አ. በ1979 ካሳተሟቸው ሦስት ቅጾች ሁለተኛው በስሙ ተሰይሞ የወጣው የእሱ ንግግር ነው። ስትሬከር ከዚያ ወዲህ የንግግርን ጥበብ ማጥናት ዋና ሥራው አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአሜሪካዊው እስቲቨን ታይለር ጋር ስለ ባህልና ስለ ንግግር ጥበብ የጋራ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ጂንካ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ለማቋቋምም ብዙ የደከመ ሰው ነው። አንድ የአውሮፓ ሊቅ ስለ ንግግር ጥበብ ሊማር ዛፍ ሥር መቀመጡ ሊያስገርመን አይገባም። መምህራኑ እዚያ ነበሩ።

ባልዳምቤ ፊት ቴፕ ነበረ፤ ቴፕ እንደ ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ከቴፑ ጀርባ ለዓመታት አብረውት የኖሩ፣ የሚጠይቁት፣ የሚደነቁ ወዳጆች ተቀምጠዋል። የሚናገረው ለነሱ ነው።

በሐመር የአደባባይ ስብሰባ ኦሽ ይባላል። ወንዶቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሕዝቡን ወክሎ የሚናገረው ሰው አዮ ነው፤ የሚመረጠውም በአንደበቱ ነው። አዮው ሲናገር ጦር ይይዛል፤ ከተቀማጮቹ ፊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይናገራል። ባርጆንም ይጠራል። ባርጆ ማለት በረከት፣ ጤና፣ የሰመረ ዕድል እንደ ማለት ነው፤ ዝናብ እንዲዘንብ፣ ከብት እንዲረባ፣ በሽታ እንዲርቅ በቃል የሚጠራ ነገር ነው። አንዱ ይጠራል፣ የተቀመጡት በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ይጠራል፣ ይመልሳሉ። ጠዋት ቤት ውስጥ የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል ሲቀርብም አባወራው ከቡናው ተጎንጭቶ እፍ እያለ ይረጭና ባርጆን ይጠራል። ልጁ ይህን እያየ፣ ከታላላቆቹ ጋር እየመለሰ ያድጋል።

ይህን ሥርዓት ከላይ ካየነው ከትሪየሩ ክፍል ጋር አስተያዩት። እዚያ ተናጋሪው በአንድ ቦታ ተተክሏል፤ እዚህ ይራመዳል፣ ለሩጫ የተሰናዳው ጡንቻው ሥራ አገኘ። እዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም፤ እዚህ እጁ ጦር ይዟል። እዚያ ዝምታ ይፈርድበታል፤ እዚህ ድምፁ ወጥቶ ሳያበቃ የሕዝቡ ድምፅ ይቀበለዋል። የሐመር አባቶች ኮርቲሶልን ሊያወርዱ አስበው ያደረጉት ነው አልልም። ባርጆ ጸሎት እንጂ ሕክምና አይደለም። ሆኖም ለብዙ ትውልድ ሰውን በሰው ፊት ሲያቆም የኖረ ማኅበረሰብ የቆመውን ሰው ምን እንደሚደግፈው ያውቃል፤ እንዴት እንደሚደግፈውም በሥርዓቱ ውስጥ አስቀምጦታል።

ሙርሲዎች ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከነሱ ጋር የሠራ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን በእሱ አማካሪነት የሠራው ፊልም ሙርሲዎች ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር በጦርነት ላይ ሳሉ እንዴት ተነጋግረው እንደሚወስኑ ያሳያል። የሚያዝዝ ሹም የለም። ድምፅ አይቆጠርም። ሰው ይነሳል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሳል። ተናጋሪው እዚህም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከተሰብሳቢው መካከል ጃላባ የሚባሉት የሚደመጡ ሰዎች ናቸው። ሹመት የላቸውም፤ ያላቸው የሕዝቡን ሐሳብ አዳምጦ ሕዝቡ ሊቀበለው በሚችል ቃል መልሶ የመናገር ችሎታ ነው። እነዚህ ሰዎች የከበሩት ከመናገራቸው በፊት በማዳመጣቸው ነው።

ሁሉን ነገር ማር አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ኦሽ የወንዶች ነው። የሴቶቹ አንደበት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ጂን ላይዳል ከልጇ ከካይራ ስትሬከር ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 በሠራችው፣ ዱካ ስለተባለች የሐመር ሴት በሚናገረው ፊልም የሐመር ሴቶች ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጣውንት፣ ስለ ወሊድ እንዴት ያለ የተባ ንግግር እንደሚናገሩ ማንም ሊያይ ይችላል። ያ አንደበት ጥላው ሥር ቦታ አልተሰጠውም። በጦር የሚናገር ጉባኤም አንዳንዴ ለጦርነት ይወስናል። እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ተናጋሪን ብቻውን አይተዉም።

ወደ ስልኩ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ለዓይን አፋር ስልክ በረከት ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። መልእክት ከመላክህ በፊት ትጽፋለህ፣ ታጠፋለህ፣ ደግመህ ትጽፋለህ። የድምፅ መልእክት ቀድተህ ካልወደድከው ትሰርዘዋለህ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1996 እንደጻፈው በኮምፒውተር የሚነጋገር ሰው ራሱን መርጦና አሳምሮ ማቅረብ ስለሚችል ግንኙነቱ አንዳንዴ ፊት ለፊት ከሚደረገው ሊሞቅ ይችላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆን ሱለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ማንነቱ በማይታይበትና የሌላውን ዓይን በማያይበት ቦታ ለምን እንደሚደፍር አስረዳ፤ ድፍረቱ ለበጎም ለክፉም ነው፤ ምሥጢሩን አውጥቶ የሚያጽናና አለ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የማያውቀውን ሰው የሚሰድብም አለ።

ችግሩ ልጁ በመሰረዝ ብቻ መናገርን መለማመዱ ነው። ማታ ማታ የሦስት ደቂቃ መልእክት ለመላክ አምስት ጊዜ ቀድቶ አራቱን ይሰርዛል። ጠዋት ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚሰረዝ የለም። ከዚህም በላይ ስልኩ ላይ ተቀባይ አጥቷል። መልሱ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ፣ በልብ ምልክት ወይም በቁጥር ነው። በንግግሩ መሐል «እህ» የሚለው የለም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ችሎታ ሳይለምድ ያድጋል፤ ሰው ፊቱ ላይ የሚያሳየውን እያነበቡ እዚያው ላይ ንግግርን ማቃናት። ገበያ ላይ ያደርገዋል፤ እናቱ አስተምራዋለች። ክፍል ውስጥ ግን አርባው ተማሪ እንደ ትሪየር ፈታኞች ፊቱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ እንደ ቪክቶሪያው አድማጭ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ስልኩ ላይ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ይህን ብዙ መምህራን በራሳቸው አይተውታል። በዙም ያስተማረ ሰው ካሜራቸውን የዘጉ ተማሪዎችን ስም በጥቁር ሳጥን ውስጥ እያየ ማውራት ምን እንደሆነ ያውቃል። «ይሰማል?» ይላል። ዝም። «ይሰማል ወይ?» ካለ በኋላ አንዱ «አዎ ቲቸር» ብሎ ሲጽፍ የሚመጣው እፎይታ! የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የዙም ድካም ከሚመጣባቸው ምክንያቶች መካከል ሰው ራሱን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ እያየ መዋሉን ቆጥሯል። ተቀባይ ሲጠፋ ሰው የራሱ ተመልካች ይሆናል።

ሌላ አዲስ ፍርሃትም መጥቷል፤ ይህኛው አባቶቻችን የማያውቁት ነው። ዛፍ ሥር የተሳሳተ ሰው ስህተቱ እዚያው ይቀራል፤ ቢስቁበትም የሚስቁት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፣ ነገም ይናገራል። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ስልክ ቀና ብሎ ይቀርጻል። ልጁ ቃል ሲያምታታ ያቺ 15 ሴኮንድ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ልትወጣ ትችላለች። የወጣቶች ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ካሜራ የትሪየር ዘዴ አንዱ መሣሪያ መሆኑን አስታውሱ፤ ሳይንቲስቶቹ ሰውን ሊያስጨንቁ የሚጠቀሙበትን ዕቃ እኛ በየአዳራሹ በፈቃዳችን እንይዛለን።

ለደቡብ ኦሞ ልጅ ደግሞ አንድ ሸክም ይጨመራል፤ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ይህን ምዕራፍ ባልጽፈው ይሻለኛል። ቤቱ በሐመርኛ፣ በአሪኛ ወይም በዳሰነችኛ አፉን የፈታ ልጅ ወደ ላይኛው ክፍል ሲወጣ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይናገር ይባላል። የአማርኛ ግሥ «እሱ»ን ከ«እሷ» በጾታ ይለያል። ልጁ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ «እናቴ መጣ» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ከሳቁት አንዱም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ መምህሩም ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልጁ ግን ይህን ለዓመታት ያስታውሰዋል፣ እጁንም ዳግመኛ አያወጣም። ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ፕሬዘንቴሽን ሲባል ላብ የሚያጠምቀው ያ ሳቅ ነው። ስለዚህ ልጅ «ዓይን አፋር ነው» ማለት በደል ነው። ሦስተኛ ቋንቋውን በሰው ፊት የሚናገር ሰው ደፋር ነው፤ አባቱ በገዛ ቋንቋው ጦር ይዞ ሲናገር አገር ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሰው ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱ ይለቃል? ይለቃል። ጎርደን ፖል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት የንግግር ትምህርት የሚወስዱ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፈሪ ተማሪዎችን ወስዶ ልዩ ልዩ ሕክምና ሞከረባቸው። የፍርሃታቸውን ሥር መሠረት ከሐኪም ጋር ከመመርመር ይልቅ ሰውነታቸውን እያሳረፉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ በምናብ መለማመዱ በአምስት ቀጠሮ ብቻ የተሻለ ውጤት አመጣ። ስለዚህ ስልኩም ቢሆን እንደ መጀመሪያ ደረጃ ያገለግላል። መልእክቱን አንዴ ቀድተህ ሳትሰርዝ ላክ። ከዚያ ለአንድ ጓደኛህ ፊት ለፊት ተናገር፤ ከዚያ ለሦስት፤ ከዚያ ለክፍሉ። ስትናገር አትተከል፤ ተራመድ። የምትይዘው ነገር ይኑርህ፤ ጠመኔም ይበቃል። ከአርባው ፊት መካከል አንድ የሚነቀንቅ ፊት ፈልገህ ለእሱ ተናገር።

ደግሞ ይህን እወቅ፦ ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት ተናጋሪ መንቀጥቀጡ ለሁሉ የሚታይ ይመስለዋል፤ አድማጩ ግን የሚያየው ተናጋሪው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ከመናገራቸው በፊት ይህን እውነት የተነገራቸው ሰዎች ከሌሎቹ ተሽለው ተናገሩ። የወረቀትህን ኮሽታ የምትሰማው አንተ ነህ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይደርስም።

ከዚህ የበለጠውን ግን ለተናጋሪው አልነግረውም። የምነግረው ለእናንተ ነው፤ ለመምህራኑ፣ ለክፍል ጓደኞቹ፣ አዳራሽ ውስጥ ለምትቀመጡት፣ ለወላጆች። መምህር ሆይ፣ ነገ ተማሪ ሲያቀርብ ነጥብ መስጫውን ወረቀት ጥቂት ገልብጠህ ዓይኑን እየው። አንድ ልጅ በሌላው አማርኛ ከሳቀ ትምህርቱን አቁመህ ነገሩን አርመው፤ የዚያን ቀን ከምታስተምረው ሁሉ እሱ ይበልጣል። ስብሰባ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ የአገሩ ልጅ በአገሩ ቋንቋ እንዲጀምር ፍቀዱለት፤ አስተርጓሚ ከመካከላችሁ አይጠፋም። ሴቶቹ የሚናገሩበት ሰዓትና ቦታ ለዩ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ ጓደኛችሁ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ቀና ብላችሁ እዩት፣ ቃል ሲጠፋውም ጮክ ብላችሁ «እህ፣ ቀጥል» በሉት።